ከመዝገቡ የቀረው ማን ነው? የሰንበቴ፣ የማኅበርና የማኅበራዊ አገልግሎት ታሪክ ከምሥራቅ ጎጃም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ማኅበራዊ አገልግሎት» ወይም በዘመኑ አጠራር «ሶሻል ወርክ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ምን ይታወሳችኋል? አንዳንዶቻችን ከውጭ አገር የመጣ የእርዳታ ድርጅት ሥራ አድርገን እናስበዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ ሰንበቴ፣ ማኅበርና እድር ስላለን ከማንም የምንማረው የለም እንላለን። ሁለቱም አሳብ በከፊል እውነት ነው። ሥራው በቤታችን የቆየ ነው፤ ሙያው ደግሞ በቤታችን ሥራ ላይ ያልተመለከትነውን አንድ ጉድለት ያሳየናል። ይህን ለመረዳት ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣና ወደ የጥኖራ እንሄዳለን።

የተዘነጉት መበለቶች

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ያላቸውን በአንድነት እያደረጉ ለችግረኞች በየዕለቱ ያካፍሉ ነበር። ፍቅር ነበረ፤ ምግብም ነበረ። ነገር ግን ግሪክኛ ተናጋሪ ከሆኑት ወገን የነበሩ መበለቶች በዕለቱ ክፍፍል ተዘነጉ። ማጉረምረምም ሆነ። ሐዋርያት ይህን ሲሰሙ አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ እንጂ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። መጀመሪያ፣ የቤተ ክርስቲያን የተደራጀ ማኅበራዊ አገልግሎት የተጀመረው ከክፍፍሉ የቀረ ሰው በመኖሩ ነው። ችግሩ የምግብ ማነስ ሳይሆን የዝርዝሩ ጉድለት ነበር። ሁለተኛ፣ የተመረጡት የሰባቱ ሰዎች ስም ሁሉ የግሪክ ስም ነው። የተዘነጉትን እንዲያገለግሉ የተሾሙት ቋንቋቸውንና ቤታቸውን የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነበሩ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በእምነት፣ በመንፈስና በጥበብ የተመሰከረላቸው መሆን እንዳለባቸውም ተነግሯል። ስለዚህ አገልግሎቱ ቅንነት ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም የሚጠይቅ ነበር።

ይህ መንገድ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ዘንድ ሰፍቶ ይታያል። በቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜ ቅዱሱ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች እየገሠጸ ለተራቡት ምግብ ያበስል ነበር። ከዚያም ከቂሣርያ ከተማ ዳር የድኾች መጠለያ፣ የሕሙማን ማከሚያና የእንግዶች ማረፊያ ያለበት ሰፊ ስፍራ አሠራ። በስሙ «ባስልያስ» ተባለ። በዚያ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ነበሩ፤ የእጅ ሥራም ይሠራበት ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች መቀበሉ ነው። ቅዱሱም ያቅፋቸው እንደ ነበር ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ መስክሯል። እዚህም ላይ ጥያቄው ያው ነው፦ ከማዕዱ የቀረው ማን ነው?

በቢቸናና በሞጣ ሰበካ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ብቻ አይደለም፤ የደብርና የጉባኤ ቤት አገርም ነው። በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም፣ በእነብሴ መርጡለ ማርያም፣ በሞጣ ደግሞ ሞጣ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። በእነዚህ አድባራትና በዙሪያቸው ባሉ አጥቢያዎች የኖረው ሕዝብ ማኅበራዊ ደኅንነት የሚል ቃል ሳይሰማ ማኅበራዊ ደኅንነትን ሲሠራ ኖሯል።

መጀመሪያ የቆሎ ተማሪውን እንመልከት። ቅኔ ለመቁጠር ወይም ዜማ ለመቀጸል ከሩቅ አገር የሚመጣ ልጅ በዚያ አካባቢ ዘመድ የለውም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱም ካላት እንጀራ ትቆርስለታለች። ይህ ልጅ ነገ መምህር፣ መሪጌታ ወይም ሊቅ ይሆናል። እንግዲህ አንድ አገር ትምህርት ቤቶቿን ያለ በጀት በየቤቱ ሌማት ስታስተዳድር መኖሯን አስቡ። እንጀራ የምትሰጠው እናት ልጁ የማን ልጅ እንደ ሆነ አትጠይቅም። ስለዚህ የቆሎ ተማሪ ሥርዓት ከአባልነት ውጭ የሆነውን ሰው የሚቀበል በጎ አሠራር ነበረ፤ ዛሬም አለ።

ሰንበቴ ሁለተኛው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተራ የደረሰው ሰው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ካህናቱ ይባርካሉ፤ አባላቱ በአንድነት ይቀምሳሉ፤ ነዳያንና ተማሪዎችም ድርሻቸውን ያገኛሉ። የጽዋ ማኅበር ደግሞ በወር አንድ ጊዜ በቅዱሱ መታሰቢያ ዕለት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የማኅበሩ መሪ «ሙሴ» ይባላል። በማኅበር ቀን የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ ታሞ ከሆነ ይጎበኛል፤ ተጣልቶ ከሆነ ይታረቃል። ጽዋው በጠብ መካከል አይጠጣምና።

በእርሻው በኩል ደቦ፣ ወንፈልና መቀናጆ አሉ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ባል የሞተባት ሴት ዘር እንዳያልፍባት ጎረቤት በደቦ ያርስላታል፤ አለዚያ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። በኀዘን ጊዜ ደግሞ እድር አለ። እድር በአሁኑ መልኩ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሰፊው የተስፋፋ ነው። ሬሳ ማንሣት፣ መቃብር መቆፈርና ኀዘንተኛን ማጽናናት ግን ከእድር መዝገብ በፊትም የጎረቤት ግዴታ ነበረ።

በዐዋጅ የመጣው ኅብረት

የአካባቢው ሕዝብ ከመንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ሌላ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ከፍተኛ ተቃውሞ ከተነሣባቸው ስፍራዎች መካከል ሞጣና ቢቸና ይገኙበታል። ገበሬው መለኪያ የያዘ ሹም ሲያይ ርስቱ ሊወሰድ እንደ ሆነ ጠረጠረ። ጦር ተላከ፤ ደም ፈሰሰ። በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የጠቅላይ ግዛቱን እንደራሴ ለውጠው የቀረውንም የግብር ዕዳ ማሩ። መንግሥት ለዚያ ገበሬ ሲታመም የሚያሳክመው፣ ሲደኸይ የሚደግፈው ሳይሆን የሚቀበለው አካል ነበረ። ስለዚህ ሊረዳ በመጣ ጊዜም በጥርጣሬ ታየ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ካህናትና ጉባኤ ቤቶች ይኖሩበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ተወሰደ። ከዚህ በኋላ ገበሬዎች የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ መመሪያ ተሰጠ። በመጀመሪያው ደረጃ፣ «መልባ» በሚባለው፣ አባሉ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር የጓሮ መሬት ለራሱ ይይዝና የቀረውን ለጋራ ያውላል። በሁለተኛው ደረጃ፣ «ወልባ» በሚባለው፣ የግሉ መሬት ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይቀንሳል፤ በሬውና የእርሻ መሣሪያውም የጋራ ይሆናሉ። ገቢው በሥራ ነጥብ ይከፋፈላል።

የጥኖራ በዚያ ዘመን ስሟ የታወቀው በዚህ ነው። የየጥኖራ የአምራቾች ማኅበር በአገሪቱ በአርኣያነት ከሚጠሩት መካከል ነበረ። ይህን ታሪክ ስናነብ በጭፍን መፍረድ አይገባንም። በሬ የሌለው ድኻ፣ እጅ ያጠረው ቤተሰብ እንዴት ይረስ? የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በአገሪቱ ወደ እነዚህ ማኅበራት ከገቡት መካከል በሬ የሌላቸው ብዙዎች ነበሩ። ማዳበሪያውና ብድሩም በቅድሚያ ለማኅበራቱ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን መሬቱ ሲቀየር ያልተጠየቀው ገበሬ ቂም ያዘ፤ አባል የሆነውም የልፋቱን ዋጋ በነጥብ ሲቆጠር አየ። ስለዚህ በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ባወጀ ጊዜ በመላ አገሪቱ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። አባላቱ መሬቱንና ከብቱን ተካፍለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

አሁን አስተውሉ። በጀት፣ መመሪያና የመንግሥት ድጋፍ የነበረው ኅብረት በወራት ተበተነ። መሬቷ የተወሰደባት አጥቢያ ግን ሰንበቴዋን አላቋረጠችም፤ የቆሎ ተማሪውም በየደጁ መዞሩን አልተወም። ምክንያቱ ሥርዓቱ የተመሠረተው በመሬት ወይም በመመሪያ ላይ ሳይሆን ሰው በፈቃዱ ከሌማቱ በሚሰጠው ላይ ስለ ነበረ ነው። ይህ ታላቅ ትምህርት ነው። ሆኖም በዚህ ተደስተን እንዳንቆም የሚከለክለን አንድ ነገር አለ። እርሱም ከበሬ አልባው ድኻ ጋር የተነሣው ጥያቄ አለመመለሱ ነው።

ሙያው ከየት መጣ?

ማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ሆኖ የተነሣው በምዕራቡ ዓለም ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1601 የወጣው የድኾች ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ከነዋሪው ግብር እየሰበሰበ የራሱን ድኾች እንዲረዳ አዘዘ። ሥራው የአጥቢያ ሥራ መሆኑ ከእኛ ጋር ያመሳስለዋል። ነገር ግን ሕጉ ድኾችን «ሊረዳ የሚገባውና የማይገባው» ብሎ የመለየት ልማድን አጸና። በኋላ የኢንዱስትሪ ከተሞች ሲሰፉና ሰው ከመንደሩ ተነቅሎ በማያውቀው ሰፈር ሲከማች ያ ሥርዓት አልበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1869 በለንደን የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ማስተባበሪያ ማኅበር በየቤቱ እየሄዱ የሚጎበኙ ሰዎችን አሰማራ። እ.ኤ.አ. በ1884 በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል ቶይንቢ ሆል፣ በ1889 ደግሞ በቺካጎ ሐል ሃውስ ተከፈቱ። በእነዚህ ቤቶች የተማሩ ወጣቶች ከድኾች መካከል ሄደው አብረዋቸው ኖሩ። የሐል ሃውስ መሥራች ጄን አዳምስ ስደተኞቹ ምን እንደሚጎድላቸው ከመናገሯ በፊት ትጠይቃቸውና ታዳምጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ሜሪ ሪችመንድ አንድን ችግረኛ ከመርዳት በፊት ኑሮውን፣ ቤተሰቡንና አካባቢውን እንዴት ማጥናት እንደሚገባ የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣች። ቀስ በቀስም ሙያው ሦስት መንገዶችን ለየ፤ ከአንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ጋር መሥራት፣ ከቡድን ጋር መሥራት፣ ከአንድ አካባቢ ሕዝብ ጋር መሥራት።

እነዚህን ሦስቱን ስታዩ ቤታችሁን አላስታወሳችሁም? የንስሐ አባት የአንዱን ቤተሰብ ምሥጢር ጠብቆ ይጎበኛል፤ ይመክራል። ማኅበሩ በቡድን ይደጋገፋል። የአገር ሽማግሌውና የሰበካው ጉባኤ የአካባቢውን ጉዳይ ይይዛሉ። በአገራችንም የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መባቻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ ሙያው ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ያለ ትምህርት ቤት ቆየ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገና ተጀመረ። ቤተ ክርስቲያናችንም በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቁማለች።

ከክቡ ውጭ የቀሩት

ታዲያ ሙያው ምን ይጨምርልናል? ባለሙያው ወደ አንድ አጥቢያ ሲገባ የሚጠይቀው አባላቱ እንዴት እንደሚረዳዱ ብቻ አይደለም። አባል ያልሆነው ማን ነው? ብሎም ይጠይቃል። ይህ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ጥያቄ ነው። በሐቀኝነት ከመለስነው ያሳፍረናል።

በሰንበቴና በማኅበር ለመግባት ተራ ሲደርስ መደገስ ያስፈልጋል። ጤፍና ጌሾ የሌላት ሴት ከማኅበሩ ትወጣለች፤ ወይም ከመጀመሪያውም አትገባም። ስለዚህ ድጋፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ሰው ጎብኚ የሌላት ትሆናለች። የእድር መዋጮ ያቋረጠም እንዲሁ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን ሕዝባችን ለዘመናት ሲንቅና «ቡዳ» ሲል ኖሯል። የሚለብሰውን ከሸማኔው፣ የሚያርስበትን ማረሻ ከቀጥቃጩ፣ የሚጋግርበትን ምጣድ ከሸክላ ሠሪዋ እየወሰደ በማዕድና በጋብቻ ግን አራቃቸው። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድበውን የሚገሥጽ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎችም ከየመንደሩ ወጥተው በየጠበሉና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወድቀዋል። ቅዱስ ባስልዮስ ያቀፋቸውን እኛ ሸሽተናል።

በዘመናችን ደግሞ ሌላ መጋረጃ አለ። መንግሥት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲያካሂድ መነሻው ድርቅ የሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ናቸው። አብዛኛው ምሥራቅ ጎጃም ግን በትርፍ አምራችነት ይታወቃል። አገሩ ጠግቧል ሲባል በጠገበው አገር ውስጥ ያለው መሬት አልባ ወጣት፣ ጧሪ ያጣ አረጋዊና የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሕመምተኛ አይታዩም። እነዚህን ሊያያቸው የሚችለው በቅርብ ያለው አጥቢያ ነው።

የአንድ ሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚሠራ ከእናታችን ከክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ታሪክ እንማራለን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በወሎ በረኃብ የወደቁ ሰዎችን አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ከቤተሰባቸው ተቃውሞ ቢገጥማቸውም አልተመለሱም። ከዚያ የተነሣው ድርጅት እርሳቸው በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስና ከዚያም ወዲህ ብዙዎችን አሳድጓል። እነዚያ ሕፃናት የማንም ማኅበር አባል አልነበሩም።

እኛስ ምን እናድርግ?

ወንድሞችና እኅቶች፤ በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የበጎ አድራጎት ክፍል አለ። ለፋሲካና ለገና ልብስና ዱቄት እንሰበስባለን። መልካም ነው። ነገር ግን በየአጥቢያችን ሁለት መዝገብ ቢኖረን ይሻላል፦ አንዱ የሰጪዎች፣ አንዱ የቀሩት። የቀሩትን መዝገብ ለመሙላት ከቅዳሴ ያልመጡትን፣ ከማኅበር የወጡትን፣ በስም የሚናቁትን መጠየቅ ያስፈልጋል። እንደ ሰባቱ ዲያቆናትም ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይመረጥ።

ከሙያው የምንማራቸው ቀላል ሥርዓቶችም አሉ። መጀመሪያ ጠይቁ፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ችግረኛው ነው። አንዲት እናት ዱቄት ሳይሆን የልጇን መድኃኒት ልትፈልግ ትችላለች። ሁለተኛ ምሥጢር ጠብቁ። የነዳያንን ፎቶ ከዱቄቱ ጆንያ ጋር አንሥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ክብርን መንሣት ነው፤ ጌታችንም ቀኝ የምታደርገውን ግራ እንዳታውቅ አስተምሯል። ሦስተኛ ተመለሱ። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አሠረ፣ ወደ እንግዶች ማረፊያ አደረሰ፣ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ከዚያም ከዚህ በላይ የሚወጣውን ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። የአንድ ቀን ጉብኝት ብቻ አላደረገም። አራተኛ ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ወደሚመለከተው አድርሱ። የሕክምና፣ የሕግና የአእምሮ ጤና ጉዳይ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ጸሎትና ጠበል ከሐኪም ጋር አይጣሉም።

የሰንበቴና የማኅበር መሪዎችም አንድ ነገር ሊያስቡበት ይገባል። መደገስ ያቃታትን እናት ከተራ ነጻ አድርጎ በአባልነት ማቆየት ይቻላል። ሕጉ የእኛው ነውና እኛው ልናሻሽለው እንችላለን። ከየጥኖራ ታሪክ እንደ ተማርነው ሰው በፈቃዱ ያልገባበት ኅብረት አይጸናም። በፈቃድ የሚጸናውም ማኅበር ቢሆን በደጁ የተዘነጋችውን መበለት ካላየ በሐዋርያት ፊት የቀረበው አቤቱታ በእርሱም ላይ ይቀርባል።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ሲቆረስ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ መቀመጫው ባዶ የሆነው የማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ከዚያም ቁራሹን ይዛችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።